የመጨረሻው ገጽ

(አዲስ አበባ፤ የጃፓን ጥናት ቤተ መጻሕፍት፤ የምሳ ሰዓት። በሩ ከውስጥ ተቆልፏል፤ ጡረተኛው ሻለቃ ይመኑ ሽጉጥ ይዟል፤ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ የትርሲት ከንፈር ይደማል።)

ይመኑ፦ የመስታወት ሣጥኑን ቁልፍ አልኩሽ! ከእንግዲህ በጥፊ አይደለም፤ በጥይት ነው።

ትርሲት፦ አባቴን ያስበሉት አነሰዎት ጋሽ ይመኑ?

ይመኑ፦ እኔ ማንንም አላስበላሁም!

ትርሲት፦ ታዲያ የሞተ ሰው ደብተር ምን ያስፈራዎታል?

ይመኑ፦ ሐሙስ በሰው ፊት ይነበባል ብለሽ ወረቀት በትነሽ የለ? «ማን እንደጠቆመበት በመጨረሻው ገጽ ጽፏል» ብለሽ?

ትርሲት፦ አዎ፣ ብያለሁ። ጃፓን አገር ተምሮ ስለነበር፣ ገራፊዎቹ እንዳያነቡት እስር ቤት ሆኖ በጃፓንኛ ጻፈው። እኔም ቋንቋውን የተማርኩት ለዚያ ደብተር ስል ነው።

ይመኑ፦ ከመስታወቱ ዞር በይ!

ትርሲት፦ አልዞርም! ... ኧረ በማርያም! ሰበሩት! እጅዎ እየደማ ነው፤ ደብተሩ ላይ አያንጠባጥቡ!

ይመኑ፦ ዝም! ጥርስሽን ነው የማራግፈው።

ትርሲት፦ ሊወስዱት ነው?

ይመኑ፦ ሞኝ መሰልኩሽ? ደብተሩ ከጠፋ ፖሊስ ይመጣል። አንድ ገጽ ሲጎድል ግን ብል በላው ይባላል። አንቺም ከመሰላል ወድቄ መስታወቱን ሰበርኩት ትያለሽ። ያለዚያ እንደ አባትሽ አስፋልት ላይ ትገኛለሽ።

ትርሲት፦ ሚዜው ነበሩ እኮ! አብራችሁ አድጋችሁ!

ይመኑ፦ ገረፉኝ! ውስጥ እግሬን ገሸለጡት! ስም አምጣ አሉኝ፣ ሰጠኋቸው! አንቺ ብትሆኚ እናትሽን ትሰጪ ነበር!

ትርሲት፦ በራስዎ አፍ ወጣ።

ይመኑ፦ ይውጣ! ማን ይሰማሻል? ይኸው የመጨረሻው ገጽ! ይኸው ተቀደደ! ይኸው ክብሪት! እይው፣ ስሜ ሲነድ እይው!

ትርሲት፦ የመጀመሪያውን ነው የቀደድከው።

ይመኑ፦ ምን አልሽ?

ትርሲት፦ ጃፓኖች ከቀኝ ነው የሚጀምሩት፤ አባቴም እንደነሱ ነው የጻፈው። ስምህ ያለበት ገጽ በዚያኛው ጫፍ ነው፤ ምንም አልሆነም።

ይመኑ፦ ያቃጠልኩት ምንድን ነው ታዲያ?

ትርሲት፦ ሊገድሉት ሲሉ ባዶ በተወው መጀመሪያ ገጽ ላይ የጨመረው ነው። «ይመኑ ተገርፎ ነው፤ ይቅር ብዬዋለሁ። ልጄም እንዳትነካው» ይላል። ሐሙስ ቀድሜ የማነበው እሱን ነበር።

ይመኑ፦ ትርሲት ... ሽጉጡን መልሺው። ክብሪት ልጭር ብዬ እኮ ነው ያስቀመጥኩት። ትርሲት!

ትርሲት፦ ይህን ሁሉ ዓመት እጄን የያዘው ያ ወረቀት ነበር።