ሦስት ሐኪሞችና አንዲት ነርስ የተሻሙን ታቢታ

ለእህታችን ለወ/ሮ ታቢታ አጵሎስ ሽኝት ከቦሳ ኪቶ፣ ከሰቃና ከሰኮሩ መጥታችሁ በዚህ የተሰበሰባችሁ ወዳጅ ዘመዶች፤ የሕይወት ታሪካቸውን እንዳነብ የታዘዝኩት ታናሽ እህታቸው ልያ ነኝ። ቤተሰቡ አሳጥሬ፣ በጨዋ ቃል እንድጽፍ መክሮኛል። አሳጥሬያለሁ፤ ጨዋነቱን እናንተ ትፈርዳላችሁ።

ወ/ሮ ታቢታ ከአባታቸው ከወንጌላዊ አጵሎስ ላምቤቦና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሐና በ1954 ዓ.ም. በሆሳዕና አቅራቢያ ተወለዱ። አባታችን ለወንጌልም ለእንጀራም ብለው ወደ ጅማ ሲሻገሩ የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። አራተኛ ክፍል ሲደርሱ እናታችን እኔን ወልደው በዚያው ስላረፉ፣ ትምህርታቸውን ትተው በጀርባቸው አዝለው አሳደጉኝ፤ ፊደልም በከሰል ግድግዳ ላይ እየጻፉ አስቆጠሩኝ። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን ሁሉ ያነበብኩት በራሴ ነው፤ መነሻው ግን ያ ግድግዳ ነው። በታቢታ ዘንድ ከሰው ሁሉ ቀዳሚ እኔ ነኝ ብዬ የኖርኩትም በዚሁ የተነሣ ነው።

በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ሰቃ ከተማ በነበረ የቡና ማበጠሪያ በለቃሚነት ተቀጥረው፣ ኋላም የለቃሚዎች አለቃ ሆነው፣ በጠቅላላው ሠላሳ አራት ዓመት አገልግለዋል። ነቀዝ የነካውን፣ የሻገተውንና የጠቆረውን ፍሬ ከጤነኛው መሐል ዓይናቸው ቀድሞ ይለቅመው ነበር፤ እጃቸው የሚከተለው ከኋላ ነው። በ1977 ዓ.ም. ከሹፌሩ ከአቶ ሲላስ ጋር በቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ፈጽመው ልጃቸውን አልዓዛርን ወለዱ። አቶ ሲላስን እኔ ለብዙ ዘመን አልወደድኳቸውም፤ እህቴን ከመውሰዳቸው በቀር ሌላ በደል አልነበራቸውም። ከእህቴ ቀድመው አርፈዋል፤ ከማረፋቸው በፊት ግን ታርቀናል።

በ2017 ዓ.ም. መስከረም ወር ጡታቸው ላይ እብጠት ተገኘ፤ ናሙና ተወስዶ ተመረመረ፤ ካንሰር ሆነ። በእኛ ዘንድ ክፉ ዜና ለባለቤቱ አይነገርምና ዘመድ ተሰብስቦ መከረ፤ ምስጢሩም ለእኔ በአደራ ተሰጠ። ቀዶ ሐኪሙን ዶ/ር ፍስሐን እንዳይነግሯቸው ብለምናቸው፣ ከጠየቁኝ አልዋሽም፣ ካልጠየቁኝ ግን አልጀምርም አሉኝ። እኔም «የወተት እጢ ነው» ብዬ ጀመርኩ። ጡታቸው ሲነሣ እጢው እንዳይመለስ ነው፣ ጸጉራቸው ሲረግፍ መድኃኒቱ ደም ሲያጠራ ነው አልኩ፤ ጠያቂውንም ሁሉ በር ላይ እያስጠነቀቅሁ አስገባሁ። ዐሥራ አራት ወር እንዲህ ዋሸሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ የጠቀምኳቸው ጊዜ ያለ አልመሰለኝም።

እሳቸው ግን ለሐኪሞቹ ሌላ ሰው ነበሩ። ቀጠሮ ባላቸው ቀን የተመረጠውን ሻሽ አስረው፣ ፊታቸውን ቅባት ነክተው ይወጣሉ። ለእኔ «ደህና ነኝ» ያሉትን ሕመም፣ ለካንሰር ሐኪማቸው ለዶ/ር አብሳሎም ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደቆየ ሳይቀር ይዘረዝሩላቸው ነበር። እኔ ኮሪደር ላይ ቦርሳ ታቅፌ ስጠብቅ ከውስጥ ሳቃቸው ይሰማኛል። ሕመም ልታስታግስ ቤት ድረስ የምትመጣው ነርስ ሩፈይዳ ደግሞ ባሰች፤ በኦሮምኛ «አዮ»፣ እናቴ፣ ትላቸዋለች፤ እሳቸውም እሷ ካልመጣች አይበሉም። እኔ የሠራሁትን ሾርባ በእሷ እጅ ሲጠጡት አይቻለሁ። በሃምሳ ሦስት ዓመቴ በአንዲት ነርስ ቀናሁ፤ አልደብቅም።

ሊያርፉ ሦስት ሳምንት ሲቀራቸው ሩፈይዳን በር ላይ አስቁሜ፣ መርፌሽን ወግተሽ ብትሄጂ ምናለበት፣ እህትነቱን ለእኔ ተዪልኝ አልኳት። ልጅቱ አልተቆጣችም፤ አለቀሰችና እውነቱን ነገረችኝ። ወ/ሮ ታቢታ የወተት እጢ ነው ባልኳቸው በሳምንቱ፣ ብቻቸውን ወደ ሆስፒታሉ ሄደው ናሙናውን የመረመሩትን ዶ/ር ሀቢቡላህን አግኝተው ኖሯል። ሠላሳ አራት ዓመት ቡና ለቅሜያለሁ፣ የራሴንም ልየው ብለው አጥብቀው ቢለምኗቸው፣ ዶክተሩ በማይክሮስኮፕ የሚታየውን በስክሪን አሳዩዋቸው። ማንም ምንም ሳይላቸው ብልሹዎቹን ሕዋሳት በጣታቸው አንድ በአንድ አመለከቱ። ከዚያም ሦስቱንም ሐኪሞች፣ ኋላም ሩፈይዳን፣ ማወቃቸውን ለእኔ እንዳይነግሩኝ ቃል አስገቧቸው። ሩፈይዳ ምነው ብላ ብትጠይቃቸው የመለሱላት ይህን ነው፤

«ልያን ያዘልኳት እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ እሷ እኔን አዝላ እየሄደች ነው። ልውረድና በእግሬ ልሂድ ብላት ታለቅሳለች። ተዉልኝ፣ እስኪደክማት ትዘለኝ።»

እኔም ማወቄን ሳልነግራቸው ቀረሁ። እስከ መጨረሻዋ ጠዋት፣ እስከ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ድረስ፣ እኔ «እጢው እየከሰመ ነው» እንዳልኩ፣ እሳቸውም «እሺ ልያዬ» እንዳሉ፣ እጃቸው በእጄ ውስጥ እያለ በተወለዱ በስድሳ አራት ዓመታቸው ወደ ጌታቸው ሄዱ።

ወ/ሮ ታቢታ በዚህ ዓለም የተዉት ልጃቸውን አልዓዛር ሲላስን፣ ሁለት የልጅ ልጆችን፣ እንዲሁም ታናሽ እህታቸውን ነው። በመጀመሪያው ጽሑፌ ዝርዝሩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ትናንት ግን ከልጃቸው ስም ቀጥሎ ሩፈይዳን «ልጃቸው» ብዬ ጽፌያታለሁ፤ ከኋላ የቆማችሁትን ሦስታችሁንም ሐኪሞች ከወዳጆቻቸው ቆጥሬያለሁ። ሳቃቸውን ወስዳችኋል፣ ይሁን። በእሳቸው ጀርባ ያደግሁ፣ በመጨረሻም እሳቸውን ያዘልኩ ግን እኔ ብቻ ነኝ፤ ይህን ከማንም ጋር አልካፈልም።

ጌታ ነፍሳቸውን በዕቅፉ ያሳርፍልን። ከእንግዲህ የሚሸከማቸው እርሱ ነው። በእርሱ እንኳ አልቀናሁም ብዬ አልዋሽም፤ መዋሸት ይበቃኛል።