አምስት ይበቃል

— ሄሎ? ... ሄሎ፣ ማን ልበል? ... ኧረ መምህር ዳንጉዎሌ! እንደምን አደሩ? ... አይ፣ አልቀሰቀሱኝም። በዛሬው ሌሊት ማን ተኝቶ ያድራል ብለው ነው...

— አውድሮኔ! ቴሌቪዥኑን ቀንሺልኝ... የታውቪዳስ እናት ናቸው... አዎ፣ የአምበላችን... ቀንሺው አልኩሽ እኮ!

— ይቅርታ መምህር፣ ባለቤቴን ነው። ያችን የቅርጫት ኳስ ጨዋታችንን የመጨረሻ አሥራ አራት ሰከንድ ከትናንት ማታ ጀምሮ ይደጋግሟታል... እርስዎም አዩዋት? ... አዎ፣ ኳሷን ታቅፎ እንደቆመ። ... አዎ፣ ፊት ለፊቱ ማንም አልነበረም። ... ቢወረውራት ትገባ ነበር፤ እሱስ ምን ይካዳል። ዘንድሮ ከዚያ ቦታ ስንቱን አስገብቷል።

— የት ሄደው? ... ገበያ? ... እና ምን አለችዎ? ... "አልቋል" አለችዎ? አይቡ ፊቷ ተቆልሎ? ... ሃያ ዓመት የገዙባት ሴትዮ! ... አይ መምህር፣ እንዲህማ አይባልም። ... አዎ፣ ከተማው በሙሉ አብዷል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዋናው ሊግ ኖረን መውረድ... አዎ። ያማል።

— እሱስ እንዴት ነው? ... ከጋራዥ አልወጣም? ... ምን ይሠራል እዚያ? ... የበረዶ ወቅቱን ጎማ በበጋው እየቀየረ? ... አራቱንም ቀይሮ እንደገና የበረዶውን አሰረ? ... ኧረ ባክዎ...

— እኔ? ... እኔ ላናግረው? ... አይ፣ ማለቴ... እኔን ይሰማኛል ብለው ነው? ... አዎ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ነው የማውቀው... እኔ ምን ብዬው ይጽናናል መምህር...

— ምን አሉ? ... ማነው ያለው? ቦርዱ? ... የሕፃናቱን ቡድን ሊነሱት? ... ተጫውቶ ሲጨርስ ያሰለጥን ብለው በመስከረም ቃል ገብተውለት የለ እንዴ! ... "ነጥብ መቁጠር የማይችል ሰው ልጆቻችንን አያሰለጥንም"... እንዲህ አሉ? ... ዛሬ ነው የሚወስኑት? ... አዎ፣ የዘጠኝ ሰዓቱን ስብሰባ አውቃለሁ፤ ደጋፊውም ተጠርቷል። ... እኔማ... እኔ ትንሽ ስላመመኝ ልቀር ነበር።

— መምህር? ... አለሁ፣ አለሁ። ... እሱ ምን አለዎት? ... "ረሳሁት" ብቻ? ... ሌላ ምንም? ... ለጋዜጠኛው ያለውን ነው እንግዲህ ለእናቱም የደገመው።

— ምንም አልሆንኩም አውድሮኔ፣ ቀይ ስርሽን ክተፊ... ፊቴ ምን ሆነ? ... ምንም አልሆነም አልኩሽ!

— ሄሎ፣ ይሰሙኛል መምህር? ... ቁጭ ብለዋል? ... እንዲያው ቁጭ ይበሉልኝ። ... ልጅዎ አልረሳም። ጠይቋል። ... እኔን። እኔን ነው የጠየቀው።

— ታይም አውት ላይ። ዋናው አሰልጣኝ ከዳኛው ጋር ይጨቃጨቃል፤ ተጫዋቾቹ ጋ ያለሁት እኔ ረዳቱ ነኝ። በአምስት እየመራን ነው፤ ኳሷም የእኛ ናት። ታውቪዳስ ጆሮዬ ስር መጥቶ "ቪቴኒስ፣ አምስት ይበቃል?" አለኝ። ... "ይበቃል፣ ያዛትና ቁም" አልኩት። ... አዎ፣ በነዚህ ቃላት። ... እሱማ ያስተማርነውን ነው ያደረገው። ያሸነፈ ሰው በመጨረሻዋ ሰከንድ አይወረውርም፤ በተሸናፊ ላይ መሳለቅ ነው፣ ነውር ነው እያልን ያሳደግነው እኛው ነን። ኳሷን ይዞ ቆሞ፣ ፊሽካው ሲነፋ ተጋጣሚዎቹን አንድ በአንድ አቀፋቸው። ... አዎ፣ እኔም አቀፍኳቸው። እንደ እብድ እየዘለልኩ።

— ስምንት ነበር የሚያስፈልገን፤ አሁንማ ሕፃኑም ያውቀዋል። እኛና የትናንቶቹ ተጋጣሚዎች እኩል ድል ይዘን ስለጨረስን የሚታየው እርስ በርስ የተጫወትናቸው ሁለቱ ጨዋታዎች ናቸው። በኅዳር እነሱ በሰባት አሸንፈውናል፤ እኛ በስምንት ካላሸነፍን ወራጆቹ እኛ ነን። ... እኔ? እኔ በአራት የተሸነፍን መስሎኝ።

— የኅዳሩን ጨዋታ የመጨረሻ ባለ ሦስት ነጥብ ውርወራ አላየኋትም። ... ጨዋታው ላይማ ነበርኩ... ግን ሳያልቅ ወጣሁ። ... በንዴት ነዋ መምህር። ... በማን? ... በልጅዎ። ኳሷን ለጓደኞችህ አቀብል ብለው እምቢ አለኝና ሰደብኩት፣ የውሃውን ሳጥን በእርግጫ ብዬው ወደ መልበሻ ክፍል ገባሁ። ከሜዳው ስወጣ ሰሌዳው ላይ ያየሁትን ልዩነት ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፤ አራት። ከኋላዬ ያችኛዋ ገብታለች።

— አላጣራሁም። ... አምስት ወር ሙሉ፣ አዎ። ስልኬን አንዴ ብነካት ትነግረኝ ነበር። ... የማን ሥራ ነው ይላሉ? የእኔ ነው! ዋናው አሰልጣኝ የቁጥሩን ነገር ለእኔ ትቶ ነው የሚሄደው። ... ደጋፊው "ወርውር! ወርውር!" ሲል እኮ ሰምቻለሁ። ለጨዋታ የሚጮኹ መሰለኝ፤ ሳቅሁ። ሳቅሁ መምህር!

— አዎ... ይህን ሊጠይቁኝ እንደሚችሉ አውቄያለሁ። ... መልበሻ ክፍል ውስጥ ዋናው አሰልጣኝ "አምስት ይበቃል ያለው ማነው?" ብሎ ጮኸ። ሁሉም አንገቱን ደፍቷል። ... እኔ? ... እኔ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ። ... መምህር፣ ጫማዬ ክር የለውም። ... አዎ። የሌለ ክር ሳስር ታውቪዳስ አየኝ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ከዚያ "እኔ ነኝ፣ ረሳሁት" አለ።

— እንደሱ አትዪኝ አውድሮኔ... አዎ፣ ለአንቺም አልነገርኩሽም። ... አዎ፣ ማታ "ይሄ ደደብ አምበል" ስትዪ አጠገብሽ ነበርኩ... ዳቦዬን እየበላሁ ነበር፣ አዎ! ተዪኝ አሁን፣ ስልክ ላይ ነኝ።

— ሄሎ? ... አሉ መምህር? ... ለምን ዝም አልኩ? ... ምን ልበልዎ። ፈራሁ። ሰው ምን ይለኛል አልኩ። ማታውኑ እነግራቸዋለሁ ስል ደግሞ፣ እሱ በቴሌቪዥን ወጥቶ በራሱ ላይ ፈረደ፤ ከዚያ በኋላ መናገር ይበልጥ አሳፈረኝ። ... አላለቅስም። ... እሺ፣ አለቅሳለሁ።

— ለሊቀመንበሩ አሁኑኑ ደውዬ እነግረዋለሁ። ... በስልክ አይሆንም? ... እሺ። ... ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ ፊት... የአይቧ ሴትዮ ባለችበት... እሺ መምህር። ... በማይክሮፎን። ... እሺ አልኩ እኮ።

— አቤት? ... አሁን? ... ክፍልዎ ውስጥ ተማሪዎ እንደነበርኩት ቆሜ? ... ኧረ መምህር፣ አርባ አንድ ዓመቴ ነው እባክዎ... እሺ፣ እሺ። ቆሜያለሁ። ... ሰባት ሲደመር አንድ... ስምንት። ... ስምንት አልኩ። ... አይሰማም? ... ስምንት! ... ከዚህ በላይ? ... ስምንት ነበር የሚያስፈልገን! ታውቪዳስ ጠይቆኛል፣ ያሳሳትኩት እኔ ነኝ! ...

— አዎ፣ ጎረቤትም ሰምቷል፣ መስኮቱ ክፍት ነው። ... እንዲሁ አድርጌ እላለሁ። ቃል በቃል። ... መምህር፣ ታውቪዳስን እባክዎ... ሄሎ? ... ሄሎ፣ መምህር? ...

— ዘጉት። ... አይ አውድሮኔ፣ አልማሩኝም። "ተቀመጥ" እንኳ ሳይሉኝ ነው የዘጉት።