ያልነበረችው ሴት

እትዬ ሀረገወይን ዲቦራን ያገኟት ሳያስቡት፣ ኩዌት፣ ጃብሪያ ሰፈር ውስጥ አንድ ሐኪም ቤት ተራ መጠበቂያ ላይ ነው። እሳቸው ከሩማይሲያ የማዳማቸውን እናት በተሽከርካሪ ወንበር ይዘው መጥተዋል፤ አሮጊቷ አንገታቸውን ደፍተው ያንቀላፋሉ። ዲቦራ ደግሞ ማዳሟ ሐኪሙ ዘንድ ገብታ፣ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች።

ከተኳረፉ ሳምንት ሆኗቸዋል። ሴቶቹ ዓርብ ዓርብ ኸይጣን ሰፈር በተከራዩት ክፍል ለጸሎት ሲሰበሰቡ የሚመሯቸው እትዬ ናቸው። አገር ቤት ሥነ ጽሑፍ የተማረችው ዲቦራ ከጸሎት በኋላ የጻፍኩትን ልብ ወለድ ላንብብላችሁ ብትል፣ በሰው ፊት እንቢ አሏት።

እትዬን ግን የሚከነክናቸው ሌላም ነገር ነበር። በሁዳዴ መሐል መስከረም የምትባል አዲስ የመጣች ልጅ፣ አሠሪዎቿ ቤት ዶሮ መብላቷን በየዋህነት ስታወራ፣ እትዬ እዚያው በሴቶቹ ፊት ተቆጥተው አዋረዷት። ከዚያ ወዲህ ከጸሎቱ ቀረች፤ ስልክም አታነሳም። ልጅቷ ብቻዋን ምን ትሆን ይሆን እያሉ ሌሊት ይገላበጣሉ፤ ለማንም ግን አልተናገሩም።

«ተቀየምሽኝ እንዴ ልጄ?» አሏት ጎኗ ተቀምጠው።

«አልተቀየምኩም እትዬ። ምክንያቱን ስላልነገሩኝ ነው።»

«ያልነበረችውን ሴት ነበረች ትያለሽ፤ ያላለችውን አለች ትያለሽ። ይኼ ውሸት አይደለም? ከጸሎት በኋላ ውሸት ይነበባል?»

«ውሸታም እኮ እንዲያምኑት ይፈልጋል። እኔ ገና ስጀምር ልብ ወለድ ነው ብዬ እናገራለሁ። ማንን አታለልኩ?»

እትዬ በዚህ አልረኩም። ቤተ ክርስቲያን ዜማው አላት፣ ቅኔው አላት፣ ሥዕሉ አላት፤ ምን ጎደላትና ነው የዓለም ተረት የምትጨምሩባት ብለው ሞገቱ። ዲቦራም ይህን ሁሉ በእምነት የሠሩት ሰዎች እንደሆኑ፣ ቀለሙን የበጠበጠም የበገናውን አውታር ያጠበቀም ሰው መሆኑን በትሕትና አስረዳች። ቀጥላም ጠየቀቻቸው።

«ንጉሥ ዳዊት በበደለ ጊዜ ነቢዩ ናታን ምን ነገረው?»

«ባለጸጋው የድኻውን አንዲት በግ ወስዶ አረደ ብሎ ነገረው።»

«በጊቱ የእውነት ነበረች?»

እትዬ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሰሙት ነገር ነው፤ በጊቱ በእውነት ነበረች ወይ ብለው ግን ጠይቀው አያውቁም።

«ናታን ስሙን ጠርቶ ቢወቅሰው ንጉሡ ጆሮ ባልሰጠው ነበር» አለች ዲቦራ። «ስለማያውቀው ሰው ሲነግረው ግን ስለ ሌላው በደል ተቆጣ፤ በዚያው የራሱን አየ። ናታንን የላከው ደግሞ እግዚአብሔር ነው።»

«አሁን አንቺ ራስሽን ከናታን ጋር ልትቆጥሪ ነው?»

«ኧረ ከናታን ጋርስ አልቆጠርም። የበለዓም አህያም ተናግራለች፤ ከእሷ ጋር ይቁጠሩኝ።»

እትዬ ሳቃቸው አመለጣቸው። አሮጊቷ ነቅተው በዓረብኛ ምን ሆናችሁ አሉና መልሰው አንቀላፉ። እትዬም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እስቲ ጉዱን አሰሚኝ አሏት። ዲቦራ ስልኳን አውጥታ አነበበች።

ሴትዮዋ የሰው ቤት አገልጋይ ናት። ጾም ነው፤ ማዕድ ቤት ያለው ግን ከጌቶቿ የተረፈ ዶሮና ሩዝ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ምንጣፍ ስታጥብ ውላ ራባትና በላች። ዓርብ ወደ ጸሎት ሄዳ ደረጃው ላይ ስትደርስ፣ ውስጥ ያሉት ስሟን ሲያነሱ ሰማች። ልታንኳኳ እጇን እንዳነሳች ቆመች።

ዲቦራ እዚህ ላይ አቆመች።

«ከዚያስ?»

«እስካሁን የጻፍኩት ይህን ብቻ ነው።»

«አንቺ ጨካኝ፣ ሰው ደረጃ ላይ ገትረሽ ትተያለሽ? ትልቋ ሴት ትነሳና በሩን ትክፈትላት። ግቢ ትበላት። የጾሙን ነገር ለንስሐ አባትሽ ትነግሪያለሽ፣ እኔ በሰው ፊት ልጮህብሽ አይገባም ነበር ትበላት...»

ድንገት አፋቸውን ያዙ። በልብ ወለዱ ውስጥ የጮኸ ሰው አልነበረም።

«መስከረምን ነው የጻፍሽው?»

«አይደለም እትዬ። እሷን ብጽፍ ሐሜት ይሆን ነበር። እኔ ራሴ ያን ዶሮ በልቻለሁ፤ መስከረምን የተቆጧት ቀን ግን ፈርቼ ዝም አልኩ። ስንቶቻችን እንደበላን እግዚአብሔር ያውቃል።»

እትዬ ስልካቸውን አውጥተው መስከረም ዘንድ ደወሉ፤ አላነሳችም። የድምፅ መልእክት ላኩላት። «መስኪ፣ ሀረገወይን ነኝ። በሰው ፊት አዋርጄሻለሁ፤ በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። ዓርብ ነይልኝ» አሏት። መልሱ የመጣው አሮጊቷን ወደ መኪናው ሲገፉ ነው፤ «እመጣለሁ እትዬ» ይላል። እትዬ መኪናው በር ላይ ቆመው እንባቸውን ጠረጉ።

ዓርብ መስከረም መጣች። እትዬ በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቋት፤ ከጸሎቱ በኋላም ዲቦራ አነበበች። ትልቋ ሴት በሩን የምትከፍትበት መጨረሻ ተጨምሮበታል። መስከረም ካቀረቀረችበት ቀና ብላ፣ «ሴትዮዋ ቶሎ አትግባ። እንደተከፋች ይታወቅላት» አለች። እትዬም፣ «ልክ ናት፤ እንደዚያ አድርገሽ ጻፊው» አሏት ዲቦራን።

ከዚያ በኋላ የክፍሉ ሰው አፉ ተፈታ። እኔም እኔም የሚሉ በረከቱ። የጾም ምግብ የማታገኘው ማን እንደሆነች የታወቀው ያን ቀን ነው። የሚቀጥለው ጾም ሲገባ ሽሮና ምስር የምታገኘው ለጎደላት ልታካፍል፣ ዓርብ ዓርብ የሚያመላልሳቸው ሹፌር ነጋሽም በየቤቱ ሊያደርስ ተስማሙ። ይህን ተግሣጽ ብቻውን ባላመጣው ነበር፤ ያመጣው ስለማንም ያልተጻፈ፣ ሁሉም ግን ራሱን ያየበት አንድ ታሪክ ነው።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ ልጆቼ፣ በየማኅበራችሁ የሚጽፍ ልጅ ካለ አታሳፍሩት። አስቀድማችሁ ጸልዩ፣ ከዚያ አስነብቡት፣ ሲጨርስም ተከራከሩበት። እግዚአብሔር የሰጠው አፍ ነው፤ ዝም ካሰኛችሁት የምትጎዱት እናንተ ናችሁ።