የፋብሪካው ግቢ ጎመን

በተዘጋው ቆዳ ፋብሪካ አጥር ሥር፣ በወይዘሮ አስካለች በረንዳ ላይ፤ ግቢው ጸድቶ የመኖሪያ ሰፈር ሊሆን ነው፣ ነገ ነዋሪው ተሰብስቦ እጅ ያወጣበታል፣ ወጣቱ የከተማ ፕላን ባለሙያ ይድነቃቸውም ካርታውን ዘርግቶ የእድሩን ሰብሳቢ አስካለችን እየለመነ ነው።

አስካለች፦ አልኩህ እኮ! እኔ እጄን ካላወጣሁ በዚህ ሰፈር ማንም አያወጣም።

ይድነቃቸው፦ እሱን ስለማውቅ አይደል የመጣሁት፣ እትዬ አስካለ? ሌላ ሰው ጋ ሄድኩ?

አስካለች፦ አልሄድክም። እሱ ላይስ ብልጥ ነህ።

ይድነቃቸው፦ ታዲያ ምን ያስቸግሩኛል? ስንት ዘመን አፍንጫችሁን ይዛችሁ ኖራችሁ። ፋብሪካው ተዘጋ፣ የተበከለው አፈር ተዝቆ ወጣ፣ አዲስ አፈር ገባ፣ ወንዙ እንኳ መልኩ ተመለሰ። አሁን ቦታው ከፋብሪካነት ወደ መኖሪያነት ይቀየር ነው የምንለው። ቤቱን የሚያገኙት የናንተው ልጆች ናቸው።

አስካለች፦ ልጄ ሙሉነሽ ከነልጆቿ እዚህችው አንድ ክፍል ውስጥ ከኔ ጋር ተጣብቃ ነው የምታድረው። ቤት እንደሚያስፈልገኝ አንተ አትነግረኝም!

ይድነቃቸው፦ እንግዲያውስ!

አስካለች፦ እንግዲያውስ ምን? እዚያ ገብተው የሚያድሩት የልጅ ልጆቼ ናቸው፣ አንተ አይደለህም። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና እዚያ ነበር የሚሠራው። በሰርጋችን ቀን አንድ ጠርሙስ ሽቶ ተርከፍክፎበት፣ ሚዜዎቹ አፍንጫቸውን ይዘው ነው ፎቶ የተነሱት።

ይድነቃቸው፦ ኧረ በሳቅ ገደሉኝ! እሱ ድሮ ነው። አሁን ጠርቷል።

አስካለች፦ ሙሉ በሙሉ?

ይድነቃቸው፦ ሙሉ በሙሉ።

አስካለች፦ ማርያምን በል።

ይድነቃቸው፦ እንዴ፣ በቢሮ ሥራ ላይ መሐላ ምን አመጣው? ተመርምሯል እኮ ነው የምልዎት።

አስካለች፦ እሺ፣ አትማል። እጅህን ታጠብና ብላ።

ይድነቃቸው፦ ምንድን ነው?

አስካለች፦ ጎመን ነው። ዝናቡ እንደጣለ እዚያው ግቢ ውስጥ ተከልኩት። ብታየው ቅጠሉ የዝሆን ጆሮ አክሏል!

ይድነቃቸው፦ እዚያው... ፋብሪካው ግቢ?

አስካለች፦ ጠርቷል አላልክም? ና፣ እኔው ላጉርስህ።

ይድነቃቸው፦ አይ፣ አይ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ረቡዕ አይደል? ጾመኛ ነኝ።

አስካለች፦ ጎመን ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የፍስክ የሆነው? በዘይት ነው የሠራሁት።

ይድነቃቸው፦ ማለቴ... ሰዓቱ አልደረሰም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምጾመው።

አስካለች፦ ውሸታም! ጠዋት እነዘርፌ ሻይ ቤት እንቁላል ፍርፍር ስትጎርስ አይቼሃለሁ።

ይድነቃቸው፦ ወይ እትዬ አስካለ፣ ከእርስዎ ዓይን የሚያመልጥ የለም!

አስካለች፦ በል አፍህን ክፈት። በሞቴ! እጄ ዛለ።

ይድነቃቸው፦ ቆይ፣ ቆይ... በየት በኩል ነው የተከሉት?

አስካለች፦ ምን ልዩነት አለው?

ይድነቃቸው፦ እንዲያው ለማወቅ ያህል። ከቆዳ ማስጫው ጀርባ አይደለም፣ አይደል?

አስካለች፦ እዚያው ነው እንጂ!

ይድነቃቸው፦ ይጣሉት! በእግዜር ይጣሉት፣ እትዬ! ልጆቹ በልተዋል? ሙሉነሽስ?

አስካለች፦ ማንም አልበላም። ቁጭ በል። ከማስጫው ጀርባ ምን አለ?

ይድነቃቸው፦ ትንሽ ቦታ ናት... መቆፈሪያው ማሽን ተበላሸና ሳትነካ ቀረች። ከቤቶቹ ስለምትርቅ ችግር የለውም ተባለ።

አስካለች፦ ካርታህ ላይ የታለች? እቺ አረንጓዴ የተቀባችው?

ይድነቃቸው፦ አዎ።

አስካለች፦ ምን ሊሠራባት ነው?

ይድነቃቸው፦ የልጆች... እ...

አስካለች፦ ጮክ በል፣ ጆሮዬ ከድቶኛል።

ይድነቃቸው፦ የልጆች መጫወቻ።

አስካለች፦ እግዚኦ! አፈር ካላሱ የማይውሉትን ልጆች እዚያ ላይ?

ይድነቃቸው፦ አለቃዬ ነው፤ ቤቱ ይሠራ፣ ከዚያ በኋላ ይቆፈራል፣ አሁን ነገሩን አታንሳው አለኝ። እኔም ፈራሁና ዝም አልኩ። እውነቴን ነው፣ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

አስካለች፦ እርሳስ ይዘሃል?

ይድነቃቸው፦ ይዣለሁ።

አስካለች፦ በል መጫወቻውን ወደ በሩ አምጣው፣ እዚህ ሾላው ሥር።

ይድነቃቸው፦ እሱማ የመኪና ማቆሚያ ነው።

አስካለች፦ መኪናው ወደ ኋላ ይሂድ። መኪና አፈር አይልስ! እሱም ቢሆን መጀመሪያ ይቆፈር። ሳይቆፈር አንድ ብሎኬት አይነሳም ብለህ ጻፍበት። ነገ ስብሰባው ላይ ደግሞ አንተው ራስህ ትናገራለህ።

ይድነቃቸው፦ አለቃዬ ይገድለኛል!

አስካለች፦ አይገድልህም። አንተ ስትናገር እኔ እጄን አወጣለሁ፣ ሰፈሩም አብሮኝ ያወጣል። ያኔ አለቃህ ራሱ ያጨበጭባል።

ይድነቃቸው፦ እሺ። ይኸው፣ መጫወቻው ሾላው ሥር ገባ። ይኸው፣ ጻፍኩት፣ ፈረምኩበትም። ኡፍ፣ አሁን ገና ቀለለኝ! ይሄን ጎመን ግን እኔው ወስጄ ልድፋልዎት?

አስካለች፦ ምን? ዛሬ ጠዋት ከጉሊት የገዛሁትን ጎመን? እኔ እዚያ አፈር ላይ ጎመን ልተክል አብጃለሁ እንዴ? ና ጉረስ!