የግሬደር ኦፕሬተሩ አቶ አስናቀው ተሻለና የዶካ መንገድ

ከቅርብም ከሩቅም ልትሸኟቸው የመጣችሁ ወገኖች፤ የሟችን ታሪክ እንዳነብ የታዘዝሁት ታናሽ ወንድማቸው ኢሳያስ ነኝና ጥቂት አድምጡኝ።

አቶ አስናቀው ከአባታቸው ከአቶ ተሻለ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሙሉወርቅ በመተማ ቆላ፣ ሸኽዲ አጠገብ በ1964 ዓ.ም. ተወለዱ። እስከ ስድስተኛ ክፍል እዚያው ከተማሩ በኋላ አባታችን በማረፋቸው ትምህርቱን ትተው፣ ድንበር ተሻግረው ሱዳን ውስጥ በቁረይሻ ማሳዎች ሰሊጥ ሲያጭዱ ዓመታት አሳለፉ፤ ዐረብኛውንም የለመዱት ከአጫጆች ጋር ነው። በ1989 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሸዊት ኣጽብሃ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ፍቅርአዲስንና ሶፎኒያስን ወልደዋል።

በ1994 ዓ.ም. እዚያው ሱዳን በአንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት በቀን ሠራተኛነት ተቀጥረው ድንጋይ ሲጭኑ ቆይተው፣ ከጊዜ በኋላ የግሬደር ኦፕሬተር ሆኑ። በ2011 ዓ.ም. ድርጅቱ በሳተላይት እየተመራ ምላጩን ራሱ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ግሬደር፣ እንዲሁም በካሜራና በሌዘር የአስፋልቱን ስንጥቅ የሚቆጥርና ስምጠቱን በሚሊሜትር የሚለካ ቦክሲ፣ ማለት ፒክአፕ መኪና ሲያስመጣ፣ ብዙ የሥራ ባልደረቦቻቸው እንጀራችን ሊቀር ነው ብለው ሲያዝኑ፣ እሳቸው ግን መሣሪያው እውነት ይናገር እንደሆነ ለማወቅ ፈለጉ። አንድ ወር ሙሉ መኪናው በለካበት ሁሉ እየወረዱ፣ ሦስት ሜትር ቀጥ ያለ ብረት አስፋልቱ ላይ አጋድመው ከሥሩ ያለውን ክፍተት በማስመሪያ ለኩ። ልዩነት ባለማግኘታቸው ከዚያ ወዲያ አመኑት።

በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ከዶካ ከተማ ወዲያ ባለው ኮር፣ ማለት ክረምት ብቻ በሚፈሰው ወንዝ ላይ፣ ውሃውን በሚያሳልፈው ቱቦ አናት ያለው መንገድ በአንድ ሳምንት አሥራ አንድ ሚሊሜትር መስመጡን የመለኪያው መኪና ስክሪን አሳየ። ሙዲሩ፣ ማለት አለቃቸው፣ “ካሜራውን ጭቃ ነክቶት ነው፤ ጥረገውና ሥራህን ቀጥል” አሏቸው። ጠርገው ሦስት ጊዜ ደጋግመው ቢለኩም ቁጥሩ ያው ሆነ። ዕለቱ የገበያ ቀን ስለነበር መንገዱ እንዳይዘጋ ቢታዘዙም፣ አቶ አስናቀው ግሬደሩን መንገዱ ላይ አጋድመው አቆሙና ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ።

ከባሱንዳ ከተማ ሠራተኛ የጫኑ ሎሪዎች ተደርድረው ሾፌሮቹ ሲጮኹባቸው አቶ አስናቀው የመለሱትን፣ ከተሳፋሪዎቹ አንዷ የነበሩትና ዛሬ እዚህ መካከላችን የተቀመጡት ወይዘሮ አሰጋሽ እንዲህ ብለው ነግረውናል፦ “ስደቡኝ፣ ግን እዚያው ቆማችሁ ስደቡኝ። እኔ እያየሁ ማንም አያልፍም።” ፖሊስ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ቢወስዳቸውም ቁልፉን አልሰጡም። ከመምሸቱ በፊት ደራሽ ጎርፍ ቱቦውን ገንጥሎ መንገዱን ከነግሬደሩ ወሰደው። ሰው ግን አንድም አልሞተም።

ፖሊስ በማግሥቱ ቢለቃቸውም፣ ድርጅቱ “ማሽን ያለአግባብ በማቆም ለጉዳት ዳርገዋል” የሚል ደብዳቤ ሰጥቶ አሰናበታቸው። ይቅርታ የጠየቃቸው አልነበረም፤ እሳቸውም አልጠበቁም። የሱዳኑ ጦርነት መጥቶ ተፈናቃይ የጫኑ አውቶቡሶች ሲበዙና የመንገዱ ጥገና ሲቆም፣ ያን ብረትና ማስመሪያ ይዘው በእግራቸው እየዞሩ፣ የሰመጠውን ቦታ በዶካ መናኸሪያ ለሾፌሮች ይናገሩ ነበር። መሣሪያው በአንድ ቀን የሚጨርሰው ለእሳቸው ሦስት ሳምንት ይፈጅባቸው እንደነበርና ይህም ያበሳጫቸው እንደነበር ባለቤታቸው ያስታውሳሉ።

የኩላሊት ሕመም ከጸናባቸው ወዲህ ገዳሪፍ ሆስፒታል ተኝተው ሲታከሙ ቆይተው፣ ትናንት ጧት በተወለዱ በሃምሳ ሦስት ዓመታቸው አርፈዋል።

አቶ አስናቀው ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሸዊትን፣ ልጃቸውን ፍቅርአዲስን፣ እኔን ወንድማቸውን፣ እንዲሁም መንገድ ተዘግቶበት መምጣት ስላልቻለ ይህን ንባብ ከፖርት ሱዳን በስልክ እያዳመጠ ያለውን ልጃቸውን ሶፎኒያስን ትተው ሄደዋል። ሶፎኒያስ፣ አፈሩን በአንተ ፈንታ እኔ አለብሳቸዋለሁ።

የምሕረት አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎች ጋር ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም መጽናናቱን አይንሳን። አሜን።