ከተሸናፊዎች ጋር የተጓዙት የአቶ አሥራት ጎሳዬ ዜና ሕይወት

ጋሼ ማዘንጊያ ጋሼ አሥራትን በድለዋል። ይህን የምለው ለሐሜት አይደለም፤ ራሳቸው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው እየሰሙኝ ነው። በደላቸውም አሠልጣኙ ይባረር በሚል አቤቱታ ላይ፣ የሠላሳ ዓመት ጓደኛቸውን ሳይጠይቁ በጓደኛቸው ስም መፈረማቸው ነው። ነገሩ እንዲገባችሁ ግን ከጋሼ አሥራት ልደት ልጀምር።

አቶ አሥራት ከአባታቸው ከአቶ ጎሳዬ ወልዴና ከእናታቸው ከወይዘሮ እናናዬ ተክሌ በ1951 ዓ.ም. በናዝሬት ከተማ ተወልደው፣ ትምህርታቸውን እዚያው አጠናቀው፣ በአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሾፌርነት ካገለገሉ በኋላ በሱዳን በኩል ተሰደው በ1982 ዓ.ም. አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ገቡ። እዚህ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቀዋል፤ የወደቁትም መንዳት አቅቷቸው ሳይሆን፣ ለሚያልፍ ሁሉ ቅድሚያ እየሰጡ ከመስቀለኛው መንገድ አልነሣ ስላሉ ነው። ወይዘሮ ስመኝን ለማግባትም አራት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ጽፈዋል፤ ወይዘሮ ስመኝ በአምስተኛው ዓመት እሺ ያሉት ፖስተኛው አሳዝኗቸው መሆኑን ዛሬም አይክዱም። በ1987 ዓ.ም. ተጋብተው ናርዲንና ያቤጽን ወለዱ።

ጥቂት ዓመታት በመጋዘን ከሠሩ በኋላ የአንድ ትንሽ ኮሌጅ የፉትቦል ቡድን አውቶቡስ ሾፌር ሆኑ። ከተማው ሁሉ የሚያብድለት ትልቁ ዩኒቨርሲቲ እንዳይመስላችሁ፤ ይሄኛው በጨዋታው ቀን እንኳ መኪና ማቆሚያ የማይጠፋበት ነው። እግር ኳስ ተብሎ በእጅ የሚያዘውን ያንን ጨዋታ ጋሼ አሥራት መጀመሪያ አልወደዱትም ነበር፤ ኋላ ግን ቡድኑ ያሸነፈባቸውን ቀኖች እንደ ልጆቻቸው ልደት በቃላቸው ያዙ፤ ብዙ ስላልነበሩም አልከበዷቸውም። አሠልጣኙ ኮች ሃርላን ዛሬ ከኋላ ቆመዋል፤ አማርኛ ስለማይሰሙ በነፃነት እናገራለሁ። እኚህ ሰው በተሸነፉ ቁጥር፣ ማለትም በየሳምንቱ፣ ከሾፌሩ ጀርባ ካለው ወንበር ተቀምጠው፣ ለዚህ ብለን ሦስት ሰዓት አስነዳንህ እያሉ ይቅርታ ሲጠይቁ፣ ጋሼ አሥራት በመስታወቱ እያዩ “ኔክስት ይር፣ ኮች”፣ ለከርሞ ይሳካል ይሏቸው ነበር።

ጋሼ ማዘንጊያም ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው ሜዳ ይሄዱ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ግን ቡድኑ ሃምሳ አራት ለዜሮ በተረታበት ቀን ትዕግሥታቸው አልቆ፣ ተማሪዎች ይዘውት በሚዞሩት አቤቱታ ላይ የራሳቸውንም የጋሼ አሥራትንም ስም ጻፉ። ለምን ቢባሉ ለአሥራት የደም ግፊት ብዬ ነው አሉ። በሚቀጥለው ጉዞ ኮች ሃርላን ስሙን ከአቤቱታው ላይ አይተው ኖሮ ከፊት ተነሥተው ስድስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ጋሼ አሥራት ነገሩን ሲሰሙ ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም፤ ሰውየው ከሥራቸው ሊባረሩ ነው፣ ያስባረራቸውም አሥራት ነው ብለው ሊሄዱ ነው።

ስለዚህ ሽማግሌ ሰበሰቡ። ናርዲ መጀመሪያ ኢሜይል አድርጉ፣ አፖይንትመንት ያዙ ብትል፣ ሽማግሌ ቀጠሮ አይዝም ብለው፣ እሳቸው፣ አቶ አንድርያስና አቶ ቢሩክ ጋቢያቸውን ለብሰው በማለዳ ከኮሌጁ የስፖርት ኃላፊ ቢሮ ደጃፍ ተገኙ። ጸሐፊዋ ሦስት ጊዜ ወንበር ብታቀርብ፣ ጉዳያችን እሺ ሳይባል አንቀመጥም አሏት። ደንግጣ ዘበኛ ጠራች። የመጣው ዘበኛ የእድራችን አባል ቀነኒሳ ነበርና፣ ሽማግሌዎቹን ሲያይ ባርኔጣውን አውልቆ አራተኛ ሆኖ ቆመ። ኃላፊዋ ከአንድ ሰዓት በላይ አራት ሰው በሯ ላይ ቆሞ ቢያስጨንቃት፣ አሠልጣኙ አንድ ዓመት ይጨመርላቸዋል፣ እባካችሁ ተቀመጡ አለች። ቀድሞም የማባረር ሐሳብ አልነበራትም የሚሉ አሉ፤ እንዲህ የሚሉት አብረው ያልቆሙት ናቸው። ጋሼ አሥራት ፊርማው የእሳቸው አለመሆኑን ለአሠልጣኙ አስረዱ፤ የማን እንደሆነ ግን አልተናገሩም። ኮች ሃርላንም ወደ ፊት ወንበራቸው ተመለሱ። በዚያ ዓመት ቡድኑ አንድ ጊዜ አሸነፈ።

ጋሼ አሥራት ለጓደኛቸው ስለ ፊርማው አንድም ቀን አላነሡባቸውም። ወይዘሮ ስመኝ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ለጋሼ ማዘንጊያ ሰላምታ “እግዚአብሔር ይመስገን” ከማለት በቀር ቃል አልጨመሩም።

ጋሼ አሥራት በኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ሐሙስ ጠዋት በስልሳ ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጃቸውን ሲናን፣ እንዲሁም ዘንድሮም ምንም ያላሸነፉ ስልሳ ሁለት ተጫዋቾችን ትተው ሄደዋል። ታግሣ የኖረችውን ነፍሳቸውን ታጋሹ አምላክ በደጋጎቹ መካከል ያሳርፍልን፤ እኛንም ያጽናን።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ጋሼ ማዘንጊያ ለቅሶ ቤት መጥተው፣ ወይዘሮ ስመኝ እግር ላይ ሊወድቁ ጎንበስ ብለው፣ “ይቅር በይኝ፤ እንዲያርፍ ብዬ ነበር” አሏቸው። ወይዘሮ ስመኝም በሁለት እጃቸው ደግፈው አነሷቸውና እንዲህ አሉ፦

“ይቅር ብዬዎታለሁ፣ ጋሼ ማዘንጊያ። ቀኖናዎን ግን የምሰጠው እኔ ነኝ፤ ይህ ቡድን አምስት ጨዋታ እስኪያሸንፍ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳ ከጎኔ ይቀመጣሉ። ዕድሜ ይስጥዎት።”