አለቃዬን ያስረፈደው ስንብት

የካዚኖ አለቃዬ እንግሊዛዊ ነው። ቀኑን ሙሉ ለሚዘልቅ ድግስ አገሩ «ሴሽ»፣ «ኦልዴየር» የሚሉ ስሞች እንዳሉት ሲደሰኩር ይውላል። እኔን ደግሞ «አንድ ቀን ካረፈድክ ማስጠንቀቂያ እጽፍብሃለሁ» ብሎኛል። ይህንኑ አለቃዬን፣ ሄንደርሰንን፣ አክስቴ ቤት፣ ለልጇ ምርቃት ወሰድኩት። አምስት ሰዓት ሙሉ ተቀምጠን፣ የሥራ ፈረቃችን ሊጀምር አንድ ሰዓት ሲቀረው ተነሳን።

«ምነው ምንም ሳትጫወቱ!» አለች አክስቴ። በር ላይ አለቃዬን ስለ እናቱ ጤና ጠየቀችው፤ ባሏ መኪናው ድረስ ሸኝቶን፣ መስኮቱን ይዞ ሌላ ወሬ ጀመረ። እኔ በየደቂቃው ሰዓቴን አያለሁ።

«ይሄስ ምን ይባላል?» አለኝ አለቃዬ ተጨንቆ።

«ስም የለውም፤ ገና መሰናበታችን ነው።»

አርባ ደቂቃ አረፈድን። ማስጠንቀቂያዬን ሊጽፍ ቅጹን አወጣና፣ የራሱም ስም መግባት እንዳለበት ሲገባው አጥፎ ኪሱ ከተተው።